ላብና ወረቀት፦ የሀዲያና የከምባታ ልጆች በደቡብ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ

ሆሳዕና ላይ ስለ ስደት ሲነሳ የሁለት አገሮች ስም ይደጋገማል። አንዷ ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ከሆመቾ፣ ከጊምቢቹ፣ ከሾኔም ሆነ ከዱራሜ ብዙ ቤተሰብ ወንድም፣ አጎት ወይም ባል እዚያ አለው። ሌላዋ አሜሪካ ናት፤ ዲቪ የደረሰው ወይም ዘመድ የሳበው የገባባት። በሁለቱም አገር ያለው ኢትዮጵያዊ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ እስከ ምሽት ሠርቶ፣ ከራሱ ጉሮሮ ቀንሶ ወደ አገር ቤት ይልካል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲታዩ ግን የያዙት ሀብት፣ የልጆቻቸው ዕጣና የኑሯቸው ዋስትና እጅግ ይራራቃል።

ይህ ዳሰሳ የሁለቱን ማኅበረሰቦች የኢኮኖሚ ሁኔታ ጎን ለጎን ያያል። የደቡብ አፍሪካው ስደተኛ ከአሜሪካው ያነሰ አይሠራም። ልዩነቱን ከሁሉ በላይ የሚፈጥረው እያንዳንዱ የቆመበት ሕግ ነው። ስደተኞቹ ራሳቸው በአጭሩ «ወረቀት» ይሉታል። ወረቀት ያለው ላቡን ያጠራቅማል፤ የሌለው ላቡን እየተሳቀቀ ያወጣል።

መነሻው፦ እንሰት፣ መሬትና ወንጂ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሀዲያ ዞን ሕዝብ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ፣ የያኔው የከምባታ ጠምባሮ ዞን ደግሞ ወደ 680 ሺህ ነበር። በከምባታ ጠምባሮ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ያህል ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰው በትንሽ መሬት ላይ ያኖረው እንሰት ነው። የጓሮ እንሰት ቆጮና ቡላ እየሰጠ፣ ድርቅንም እየተቋቋመ ቤተሰብ ያሳድራል። አባት መሬቱን ለአራትና ለአምስት ወንዶች ልጆች ሲያካፍል ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጎጆ ለመቀለስ እንጂ ቤተሰብ ለማሳደር አይበቃም።

ስለዚህ ከቀዬ ወጥቶ መሥራት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የከምባታና የሀዲያ ወጣቶች ሸንኮራ ለመቁረጥ በብዛት ይወርዱ ነበር። የወንጂው ሠራተኛ ግን የሚሠራው በገዛ አገሩ ነበር። ያገኘውን ቋጥሮ ለያሆዴ ወይም ለመሳላ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል፤ የሚጠይቀው ድንበር ጠባቂ የለም።

ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው መንገድ የተከፈተው አፓርታይድ እ.ኤ.አ. በ1994 ካበቃ በኋላ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት ጠያቂን በካምፕ አያስቀምጥም፤ በከተማ እንዲኖርና ሠርቶ እንዲበላ ይተወዋል። በሀዲያ በኩል ደግሞ ሌሎች ግፊቶች ተጨመሩ። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ የፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ድርጅት በዞኑ ብዙ ድጋፍ ካገኘ በኋላ የመጣው የፖለቲካ ውጥረት አንዳንድ ወጣቶችን አገር አስለቅቋል። በ1993 ዓ.ም. ሆሳዕና ላይ የሰበከ ከካናዳ የመጣ ወንጌላዊ ወደ ደቡብ የሚወስድ በር እንደሚከፈት ተንብዮ ነበር የሚለው ወሬም በምእመናን ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል። የመጀመሪያዎቹ ሄደው ገንዘብ ሲልኩ ወንድም ወንድሙን፣ አጎት የእህቱን ልጅ መሳብ ጀመረ።

ሎኬሽንና ጄፒ

አዲስ መጤ ደቡብ አፍሪካ እንደደረሰ የሚጀምረው ሥራ «ሎኬሽን» መውጣት ነው። ሎኬሽን የሚባለው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር ነው። ሻጩ አልጋ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃና ቀበቶ በትከሻው ተሸክሞ ከቤት ቤት ይዞራል። ደንበኛዋ ዕቃውን ዛሬ ትወስድና ከዋጋው ጥቂቱን ትከፍላለች። እሱም ስሟን፣ የቤቷን ቁጥርና ቀሪውን ዕዳ በደብተሩ ይጽፋል። ወር ሲብት፣ ደመወዝና የመንግሥት ድጎማ ሲገባ፣ ደብተሩን ይዞ በየበሩ ይመለሳል። የነጋዴው ካፒታል እንግዲህ በሰው ቤት የተበተነ ዱቤ ነው። ከሰፈሩ ሰው ጋር ያለው ግንኙነት ሲደፈርስ፣ ወይም ዕዳውን ሊሰበስብ ሲሄድ ሲዘረፍ፣ ካፒታሉ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ በዚያ ደብተር ብቻ ፍርድ ቤት ቆሞ ማስመለስም አይታሰብም።

ትንሽ የቋጠረ ሰው በሎኬሽኑ ውስጥ «ስፓዛ» የምትባለውን ትንሽ ሱቅ ይከፍታል። ከዚያ በላይ የዘለቀው ጆሃንስበርግ መሃል ወደሚገኘው ጄፒ ጎዳና ይገባል። የጎዳናው ስም ዛሬ ራሂማ ሙሳ ተብሎ ቢቀየርም ለእኛ ሰው አሁንም ጄፒ ነው። ቀድሞ የሐኪሞች ክሊኒክና ቢሮ የነበሩ ፎቆች በትንንሽ ሱቆች ተከፋፍለው አልባሳትና የቤት ዕቃ በጅምላ ይሸጥባቸዋል። ከታች ጅምላ ንግድ፣ ከላይ ቡና ቤትና ምግብ ቤት፣ በመካከሉ ዕቁብ አለ። ባንክ ለጥገኝነት ጠያቂ በቀላሉ ስለማያበድር የሱቅ ቁልፍ የሚገዛው፣ የወንድም መምጫ የሚሸፈነው አብዛኛውን ጊዜ በዕቁብ ነው። ከዚህ መነሻ ተነስተው ከቻይና ዕቃ በኮንቴይነር የሚያስመጡ አስመጪዎች ወጥተዋል። የሠራተኛነትና የመተማመን ጉድለት እዚያ የለም።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ጥገኝነት ጠያቂ የሚይዘው ጊዜያዊ ፈቃድ በየጥቂት ወሩ የሚታደስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጆሃንስበርግና የኬፕታውን መቀበያ ቢሮዎች ለአዲስ አመልካች ሲዘጉ ሰው ሱቁን ዘግቶ እስከ ፕሪቶሪያ፣ ደርባን ወይም ሙሲና መጓዝ ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የአገሪቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች የንግድ ፈቃድ መጠየቅ እንደሚችሉ በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር በተነሳ ጉዳይ ወስኗል። ውሳኔው ትልቅ ድል ነበር፤ በሎኬሽኑ ውስጥ ግን ሱቅን ከመዘረፍ አላዳነም። በግንቦት 2008 እ.ኤ.አ. በመጤዎች ላይ በተነሳው ጥቃት 62 ሰዎች ተገድለዋል፤ በ2015 እና በ2019ም ተደግሟል። በ2024 መጨረሻ ሕፃናት በተመረዘ ምግብ ከሞቱ በኋላ መንግሥት ስፓዛ ሱቆች ሁሉ በአጭር ቀን ገደብ እንዲመዘገቡ ባዘዘ ጊዜም ወረቀቱ ያልተሟላ ነጋዴ የመጀመሪያው ተጎጂ ሆነ።

መንገዱም ዋጋ አለው። ከሞያሌ እስከ ሙሲና ባለው መስመር በሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ዶዶማ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ታፍነው ሞተው ተገኙ። በመጋቢት 2020 ቴቴ፣ ሞዛምቢክ ውስጥ ደግሞ 64 ኢትዮጵያውያን በኮንቴይነር ውስጥ ሕይወታቸው አለፈ። እነዚህ በኢኮኖሚ ሒሳቡ ውስጥ የማይገቡ፣ ነገር ግን ማንም ሊዘነጋቸው የማይገባ ሰዎች ናቸው።

አሜሪካ፦ ቀስ ብሎ የሚገነባ ኑሮ

ወደ አሜሪካ የሄደው ትውልድ በሌላ በር ነው የገባው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሸሸው ሰው ከሱዳን ካምፖች ተነስቶ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1980 ባመቻቸው መንገድ ተጓዘ። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ዲቪ መጣ። ዲቪ የደረሰው ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ቋሚ ነዋሪ ነው። ጥገኝነቱ የጸደቀለት ከአንድ ዓመት በኋላ ግሪን ካርድ መጠየቅ ይችላል፤ ከዚያም ወደ ዜግነት የሚወስደው መንገድ ይታወቃል።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። በዋሽንግተንና አካባቢው ኢትዮጵያውያን የሚታወቁት በታክሲ፣ በፓርኪንግ፣ በሱቅ ሠራተኛነትና በአረጋውያን እንክብካቤ ነው። በአገሩ መምህር ወይም መሐንዲስ የነበረ ሰው ለዓመታት መኪና ሲያቆም አምሽቷል። የቤት ኪራዩ ከባድ ነው፤ ሁለት ሥራ መሥራት የተለመደ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ዓመት በቀዳሚው ላይ ይደመራል። ደመወዙ በባንክ ይገባል፤ ክሬዲቱ ይገነባል፤ ለጡረታው ይቆረጥለታል። ከጊዜ በኋላ ቤት በብድር ይገዛል፤ ማታ ተምሮ ነርስ ይሆናል። እዚያ የተወለደ ልጁ በተወለደበት ቀን ዜጋ ነው። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2002 በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በይፋ ስትሰይም የከተማ ምክር ቤት የሚሰማው መራጭ ማኅበረሰብ እንደተፈጠረ ታይቷል። ጄፒ ላይ በንግድ ከዚያ የማይተናነስ ሰፈር አለ፤ ድምፅ ግን የለውም።

ወደ አገር ቤት በመመለስም ይለያያሉ። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ አውጥቶ አገሩ ገብቶ ይሠራል፣ ይወጣል። ደቡብ አፍሪካ ጥገኝነት የጠየቀ የሆመቾ ልጅ ግን ወደ አገሩ ከተመለሰ የጥገኝነት ጉዳዩ ይወድቅበታል። ስለዚህ ሆሳዕና ላይ ፎቅ አስገንብቶ ለዓመታት በስልክ ፎቶ ብቻ የሚያየው፣ ወላጆቹን ሳይቀብር የቀረ ሰው ብዙ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ምስክር፦ ላይቤሪያውያንና ሰሚኖሎች

ሕግ የስደተኛን ኑሮ መወሰኑ የእኛ ብቻ ታሪክ አለመሆኑን ሁለት በአሜሪካ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች ያሳያሉ። በታኅሣሥ 1989 እ.ኤ.አ. በፈነዳው ጦርነት የተሰደዱ ላይቤሪያውያን ከ1991 ጀምሮ ጊዜያዊ ከለላ ተሰጣቸው። በሚኒሶታና በኒውዮርክ ስታተን አይላንድ ሰፍረው፣ ብዙዎቹ በአረጋውያን መጦሪያዎች እየሠሩ፣ ከለላው ይታደስ ይሆን ወይ እያሉ ወደ ሠላሳ ዓመት ቆዩ። ቋሚ ነዋሪነት የሚጠይቁበት ሕግ የወጣላቸው በታኅሣሥ 2019 ነው። ያን ያህል ዘመን ሠርቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ማቀድ አለመቻል ምን እንደሚመስል የጄፒ ነጋዴ ያውቀዋል።

የፍሎሪዳ ሰሚኖሎች የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ከመሬታቸው ተገፍተው ረግረግ ውስጥ ሲኖሩ በከብት እርባታ፣ በእጅ ሥራና ለቱሪስት በሚያሳዩት የአዞ ትግል ይተዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ራሱን የሚያስተዳድር ነገድ ሆነው በፌዴራል መንግሥት ታወቁ። በ1979 በራሳቸው ክልል በሆሊውድ፣ ፍሎሪዳ ትልቅ የቢንጎ አዳራሽ ከፈቱ፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት ሊዘጉት ቢሞክሩም ፍርድ ቤት ለነገዱ ፈረደ። በ2007 ሃርድ ሮክ የተባለውን ዓለም አቀፍ ኩባንያ በ965 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው አጠቃለሉ። ሕዝቡ ያው ነው፤ ዕድሉን የለወጠው በራሱ መሬት ላይ የመወሰን መብቱ በሕግ መጽናቱ ነው። ቁማር መልካም ሥራ ነው ለማለት አይደለም፤ ማኅበረሰብ ሀብት የሚያፈራው የቆመበት መሬት በሕግ ሲረጋ መሆኑን ለማየት ነው።

ገንዘቡ ቤት ሲደርስ

የስደቱ አኳኋን የሚላከውን ገንዘብ ጠባይም ይወስናል። ነገ የማያውቅ ነጋዴ ያገኘውን ቶሎ ወደማይዘረፍ ነገር ይለውጣል፤ ያም በትውልድ አገሩ ያለ ቦታና ቤት ነው። የሆሳዕና ፎቆች፣ ሆቴሎችና ባጃጆች፣ በገጠር የሣር ጎጆን የተኩ ባለቆርቆሮ ቤቶች፣ የታነጹ አብያተ ክርስቲያናት የዚህ ገንዘብ ፍሬዎች ናቸው። የተማሩ ታናናሾችና የታከሙ እናቶችም እንዲሁ። ይህ በረከት ነው፤ ሊካድ አይገባም።

ጉዳቱም በዚያው ልክ መነገር አለበት። የከተማ ቦታ ዋጋ ውጭ ዘመድ የሌለውን መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ጥሎት ሄዷል። ተማሪው አጎቱ ጥሪ እስኪልክለት ስለሚጠብቅ ደብተሩን ቸል ይላል። ቤተሰብ ለደላላ ለመክፈል መሬትና ከብት ይሸጣል፤ ልጁ መንገድ ላይ ሲያዝ ዕዳው ብቻ ይቀራል። ሙሽሮች ያላዩትን ሰው አግብተው ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። ባንክ የሚጠይቀው ወረቀት የሌለው ሰው ገንዘቡን በሐዋላ ስለሚልክ ቁጠባው በስሙ አይመዘገብም፤ በስሙ ስላልተመዘገበም ብድር አያስገኝለትም። የተሠራው ቤት ኪራይ ያመጣል፤ ለጎረቤቱ ወጣት ቋሚ ሥራ የሚፈጥር ፋብሪካ ግን እምብዛም አያመጣም።

ከዚህ ወዴት

ሦስት ነገሮች ከዚህ ንጽጽር በቀጥታ ይወጣሉ። የመጀመሪያው የመንግሥት ነው። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ስር የተደረጉት ስምምነቶች በዋናነት ያተኮሩት በዓረብ አገሮች ላይ ነው። የሀዲያና የከምባታ ሕዝብ ብዙ ልጆቹን ወደላከበት አገር ሕጋዊ የሥራና የንግድ መስመር መደራደር፣ ፓስፖርትና የልደት ማስረጃን በቅርብ ማደስ፣ ለታገተና ለተዘረፈ ዜጋ ጠበቃ ማቆም ከዲፕሎማሲ ሥራዎች ሁሉ ሊቀድም ይገባል።

ሁለተኛው የአካባቢው ነው። ሆሳዕና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት አንዷ ናት፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በደጃፏ አለ። ጄፒ ላይ በመተማመን ብቻ ተራውን እየጠበቀ በዕቁብ ሱቅ የሚገዛ ሰው፣ ግልጽ ሕግና ታማኝ አስተዳደር ካገኘ፣ ለሀደሮው ዝንጅብል፣ ለሌሞና ለሚሻ ስንዴ፣ ለሆመቾ እንሰት ማቀነባበሪያ በአክሲዮን የማይገባበት ምክንያት የለም። ሦስተኛው የወገን ነው። በአሜሪካ ያሉት ኢትዮጵያውያን በጠበቆች፣ በማኅበራትና በምርጫ ድምፅ ያካበቱት ልምድ አለ፤ ለጆሃንስበርግ ወገኖቻቸው ሊያካፍሉት ይችላሉ፤ ይገባልም።

ደቡብ የሄደው ወጣት ታታሪነቱን በሎኬሽን ጸሐይና በጄፒ ሌሊት አስመስክሯል። «ሥሩ» ብሎ መምከር ለእሱ አይገባም። የሚገባው ሠርቶ ያገኘው ነገር የእሱ ሆኖ እንዲቀር የሚያደርግ ሕግ ነው። ያን ሕግ የመጠየቁ ሥራ ደግሞ የላከውን ገንዘብ የምንበላው ሁሉ ድርሻ ነው።