ሮቶው ሳይከፈት የውኃውን ከፍታ ስለ መለካት

በቦሌ፣ በገርጂና በሲኤምሲ፣ ውኃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ሰፈሮች ሁሉ፣ ሮቶው ምን ያህል ውኃ እንደ ያዘ አስቀድሞ ማወቅ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ካለቀ በኋላ ማወቅማ ዕውቀት አይባልም! በመሰላል ወጥቶ ክዳን ከመክፈትና ጎኑን እየኳኩ ከመገመት የሚያድን አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም የግፊት መለኪያ ነው። ነገሩ ለሳይንስ ክፍል ጓደኞቻችን ብቻ የሚተው ምሥጢር ስላልሆነ ባጭሩ እንመልከተው።

ውኃ ክብደት አለው፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ይጫናል። እያንዳንዱ 1 ሜትር የውኃ ከፍታ 9.8 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ይፈጥራል። የዕቃው ስፋት በዚህ ላይ ምንም አይጨምርም፤ የውኃው ከፍታ እኩል ከሆነ በሰፊው ሮቶና በቀጭኑ ቧንቧ ሥር ያለው ግፊት አንድ ነው። መሣሪያው ከታች ተገጥሞ 14.7 ቢያሳይ፣ ከበላዩ 1.5 ሜትር ውኃ አለ ማለት ነው።

ዳሩ ግን ውኃውን ራሱን ደግሞ አየር ይጫነዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1648 ዓ.ም. ፍሎሪን ፔሪዬ የተባለው ፈረንሳዊ፣ የሚስቱ ወንድም ብሌዝ ፓስካል በጠየቀው መሠረት፣ ባዜቃ የያዘ ቱቦ ይዞ ፒዩ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ ወጣ። በተራራው ራስ ላይ ባዜቃው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ አየሩ ከፍ ባለ ስፍራ ይሳሳልና።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከታል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በባሕር ጠረፍ 101.3 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 77 ይወርዳል። ከመለኪያዎቹ አንዱ ዓይነት የአየሩንና የውኃውን ግፊት ደምሮ ያነባል። ከዚህ ድምር ላይ የባሕር ጠረፉን 101.3 ብንቀንስ፣ ሒሳቡ 2 ሜትር ተኩል ያህል ውኃ ያጎድልብናል፤ 2 ሜትር ውኃ የያዘ ሮቶ ባዶ ነው ይባላል! ሁለተኛው ዓይነት ግን ከኋላው ለአየር ክፍት የሆነች ቀጭን ቱቦ ስላለችው የአየሩን ግፊት ራሱ ያጣፋል። ቱቦዋ በአቧራ ወይም በእርጥበት እንዳትደፈን መጠበቅ ብቻ ነው።

የፈሳሹም ዓይነት ይታወቅ። የአውሮፕላን ነዳጅ ክብደቱ ከውኃ አራት አምስተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ያው 14.7 በነዳጅ ጋን ውስጥ ወደ 1.9 ሜትር ይሆናል።

እንግዲህ መለኪያ ልንገዛ ስንሄድ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፤ የአየሩን ግፊት ይደምራል ወይስ ያጣፋል? የተስተካከለውስ ለየትኛው ፈሳሽ ነው? ከተገጠመም በኋላ ሮቶው ባዶ ሳለ ዜሮ ማሳየቱን፣ ሲሞላም ከእንጨት መስፈሪያ ጋር መስማማቱን ሳናይ አንመነው።