ማን ያወርዳል፣ ማን ይቀበላል? የተለያዩ ኢንቨርተሮችን በአንድ ቤት ስለ ማጣመር

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬውን ርእስ ያገኘሁት ከራሴ ቤት ነው። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊን ይወስዳሉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት በተደጋጋሚ ይጠፋብን ስለነበር ጣሪያው ላይ የፀሐይ ፓነል አስተከልሁ፤ ቀድሞ የነበረኝን ትንሽ ኢንቨርተርና አዲስ የገዛሁትን ትልቅ ኢንቨርተርም ከአንድ የ24 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኘሁ። ትንሹ አምፖሎቹንና ቴሌቪዥኑን፣ ትልቁ ፍሪጁን እንዲይዝ አደረግሁ። ሰማዩ ሳይገለጥ በሰነበተበት አንድ የክረምት ሳምንት እናቴ በማለዳ ጠሩኝና «ልጄ፣ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አድሯል፤ ታዲያ ፍሪጁ ለምን ሞቀ?» አሉኝ። መድኃኒቱን ማመን ስላልቻልን ጣልነው። ኤሌክትሪክ በማስተማር የሸመገልሁት እኔ ለዚያ ጥያቄ ወዲያውኑ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። መልሱን ለማግኘት ከመሠረቱ መነሣት ይኖርብናል።

የኢንቨርተሮች ሁለት ጠባይ

ኢንቨርተር ቀጥተኛውን የፓነል ወይም የባትሪ ኤሌክትሪክ ወደ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በገበያ ላይ ብዙ ስም ቢኖረውም፣ ለማጣመር ሲታሰብ ዋናው ልዩነት አንድ ነው። በአገራችን የዘፈን ባህል አውራጅና ተቀባይ አሉ፤ አውራጁ ዜማውን ይጀምራል፣ ተቀባዮቹ ምቱን ጠብቀው ይከተሉታል። ኢንቨርተሮችም እንዲሁ ናቸው።

ከባትሪ ጋር የሚሠራው ኢንቨርተር አውራጅ ነው። 220 ቮልቱንና 50 ሄርዙን ራሱ ይፈጥራል። ባትሪ የሌለውና ከዋናው መሥመር ጋር ብቻ የሚሠራው ኢንቨርተር ደግሞ ተቀባይ ነው። የመሥመሩን ሞገድ ያዳምጣል፤ በዚያ ምት ላይ የፓነሉን ኃይል ይጨምራል። አውራጅ ከሌለ ተቀባይ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ በሕግ የተጠየቀ ነው፤ አይ ትሪፕል ኢ 1547 የተባለው መስፈርት፣ መሥመሩ ሲቋረጥ ተቀባዩ ቢበዛ በ2 ሰከንድ ውስጥ ኃይል መስጠቱን እንዲያቆም ያዝዛል። «ፀሐይ እያለ ለምን መብራት ጠፋብኝ?» የሚሉ የፓነል ባለቤቶች ምላሻቸው ይኸው ነው። ሃይብሪድ የሚባለው ዓይነት በሁለቱም ጠባይ ይሠራል፤ መሥመር ሲኖር ይቀበላል፣ ሲጠፋ ያወርዳል።

ሁለት አውራጅ በአንድ መድረክ

ብዙ ሰው «አንድ ኢንቨርተር 2 ኪሎዋት ከሰጠኝ፣ ሁለቱን ባገናኛቸው 4 ኪሎዋት አገኛለሁ» ብሎ ያስባል። የሁለት አውራጆችን መውጫ በአንድ ሽቦ ማገናኘት ግን እጅግ አደገኛው ስሕተት ነው። እስቲ እናስላው። አንዱ በ50.0፣ ሌላው በ50.1 ሄርዝ ቢሠሩ፣ ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ሆኖም በየ10 ሰከንዱ አንዱ ሌላውን በአንድ ሙሉ ዙር ይቀድመዋል፤ ተስማምተው ቢጀምሩ እንኳ በ5ኛው ሰከንድ ፍጹም ተቃራኒ ይሆናሉ። በዚያች ቅጽበት በመካከላቸው ያለው ልዩነት 440 ቮልት ነው፤ ይህም አጭር ዙር ማለት ነው።

ፍሪኩዌንሲያቸው እኩል ሆኖ የአንድ ዲግሪ የፌዝ ልዩነት ብቻ ቢኖራቸውስ? የልዩነቱ ቮልቴጅ 3.8 ያህል ነው። የሽቦውና የመሣሪያዎቹ ተቃውሞ በድምሩ 0.1 ኦም ቢሆን፣ ምንም ጭነት ሳይኖር በሁለቱ መካከል 38 አምፒር ይመላለሳል። አምራቾች ጎን ለጎን የሚሠሩ ኢንቨርተሮች አንድ ሞዴል እንዲሆኑና በመገናኛ ገመድ እንዲያያዙ የሚያስገድዱት ለዚህ ነው። ገመዱ አንዱን አውራጅ፣ ሌላውን ተቀባይ ያደርገዋል። ዓይነታቸው የተለያየ ከሆነ ግን ጭነቱን ማከፋፈል ይሻላል። እያንዳንዱ የራሱን ሶኬቶች ይያዝ፤ ፌዙ ብቻ ሳይሆን ኒውትራሉም አይገናኝ።

አንድ አውራጅ፣ አንድ ተቀባይ

የተለያዩ ዓይነቶች በአንድ መሥመር ላይ በእውነት የሚጣመሩት በዚህ ስልት ነው። የባትሪው ኢንቨርተር ያወርዳል፤ የፓነሉ ኢንቨርተር በእርሱ መውጫ ላይ ተገናኝቶ ይቀበላል። መብራት በጠፋ ጊዜም ተቀባዩ የሚያዳምጠው ዜማ አለውና ሥራውን ይቀጥላል። አውራጁ ግን ንጹሕ የሳይን ሞገድ መስጠት አለበት፤ ባለደረጃ ሞገድ የሚያወጣውን ርካሽ ኢንቨርተር ተቀባዩ እንደ መሥመር አይቆጥረውም።

ጥያቄው ባትሪው ሲሞላ ይመጣል። ትርፉ ኃይል ወዴት ይሂድ? አውራጁ ተቀባዩን የሚያናግርበት ቋንቋ ፍሪኩዌንሲው ነው። ከ50 ሄርዝ ቀስ እያለ ከፍ ያደርገዋል፤ ተቀባዩም ለምሳሌ ከ50.2 ሄርዝ ጀምሮ ኃይሉን እየቀነሰ ሄዶ 53 አካባቢ ሲደርስ ይለያያል። ቁጥሮቹ ግን በሁለቱ መሣሪያዎች ላይ ተስማምተው መሞላት አለባቸው። ቀስ ብሎ መቀነስ የማያውቅ ተቀባይ በድንገት ይጠፋል፣ መልሶ ይበራል፣ እንደገና ይጠፋል። የዚህ ችግር ትልቁ ምሳሌ ጀርመን ናት። ብዙዎቹ የቀድሞ የፓነል ኢንቨርተሮች 50.2 ሄርዝ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጠፉ የተሠሩ ስለነበሩ፣ የአገሪቱን መሥመር እንዳይጥሉት ተሰግቶ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዲስተካከሉ በደንብ ታዘዘ።

ሌላው ጉዳይ መጠን ነው። ከቤታችን የተሻለ ምሳሌ የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። ፓነሎቹ በቀትር 4.5 ኪሎዋት እየሰጡ፣ እንጀራው አልቆ ምጣዱ ሲጠፋ ያ ሁሉ ኃይል በቅጽበት መሄጃ ያጣል። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ብሎ ተቀባዩ እስኪሰማ ድረስ ኃይሉ በአውራጁ በኩል ወደ ባትሪው ይገባል። አውራጁ 3 ኪሎዋት ብቻ ከሆነ ቮልቴጁ ይወነጨፋል፤ መሣሪያው ራሱን ያጠፋል ወይም ይቃጠላል። የኔዘርላንድሱ አምራች ቪክትሮን የተቀባዩ ኃይል ከአውራጁ አቅም እንዳይበልጥ የሚደነግገው በዚህ ምክንያት ነው። የተሞላ ወይም ትንሽ ባትሪ ይህን ጎርፍ ሊውጥ ስለማይችል፣ የባትሪው መጠንም አብሮ ይታሰባል።

ወደ መንገድ የሚወጣ ኃይል

አንድ ልማድ ሳላነሣ አላልፍም። በሁለቱም ጫፍ ወንድ ፕለግ ያለው ገመድ ተሠርቶ የኢንቨርተሩ ወይም የጄኔሬተሩ ኃይል በግድግዳው ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ ሲገባ አይቻለሁ። ዋናው ብሬከር ካልተቋረጠ ኃይሉ ወደ መንገዱ ይወጣል። የሰፈሩ ጭነት ብዙ ጊዜ ኢንቨርተሩን ያጠፋዋል። መሥመሩ በቅርብ ተቆርጦ ከሆነ ግን ትራንስፎርመሩ በተገላቢጦሽ ሠርቶ 15,000 ቮልት ያወጣል፤ ምሰሶው ላይ ያለው ሠራተኛ ደግሞ መብራት ጠፍቷል ብሎ እጁን ዘርግቷል። ሁለቱ ምንጮች ፈጽሞ አብረው እንዳይገናኙ የሚያደርግ መቀያየሪያ ማብሪያ ማጥፊያ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

በባትሪ በኩል መገናኘት

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ እመለሳለሁ። እኔ የሁለቱን ኢንቨርተሮች መውጫ አላገናኘሁም፤ ጭነቱን ለይቻለሁ፤ ለየባትሪ ገመዱም ፊውዝ አስገብቻለሁ። በዚህ በኩል ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን ሁለቱ ከአንድ ማሰሮ የሚጠጡ ነበሩ። ትልቁ ኢንቨርተር ባትሪውን ለመጠበቅ 22 ቮልት ላይ ይቋረጣል፤ ለመመለስም ባትሪው 25 ቮልት እንዲደርስ ይጠብቃል። አሮጌው ትንሽ ኢንቨርተር የሚቋረጠው 20 ቮልት ላይ ነበር። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ፍሪጁ ቆመ፤ አምፖሎቹ ግን የቀረውን እየጠጡ አደሩ። ደመናማው ቀን ባትሪውን 25 ላይ ሊያደርሰው አልቻለም። በየሌሊቱ እንዲህ ጠልቆ የተራገፈው የእርሳስ ባትሪም ብዙም ሳይቆይ አቅሙን አጣ።

የቤታችንን ቅደም ተከተል የወሰነው ማንም ሳያስተውላቸው በፋብሪካ የተሞሉ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። በቁጥሮቹ መሠረት ቴሌቪዥኑ ከመድኃኒቱ ይበልጥ ነበር። ትንሹ ኢንቨርተር ማስተካከያ ስላልነበረው፣ 24 ቮልት ላይ የሚቆርጠው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ በባትሪው መሥመር ላይ ጨመርሁለት። አሁን መጀመሪያ የሚጠፉት አምፖሎቹ ናቸው። እናቴም አምፖሎቹ ሲጠፉ ባትሪው እየደከመ መሆኑን ያውቃሉ፤ ይደውሉልኛል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ሰዎች እናንተን አምነው ጣሪያቸውን ይሰጧችኋል። ሽቦ ከመዘርጋታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። በየመሥመሩ አውራጁ ማነው? ጭነቱ በድንገት ሲጠፋ ኃይሉ ወዴት ይሄዳል? ባትሪው ሲደክም መጨረሻ ላይ የሚጠፋው ምንድን ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መጽሐፋችሁ ይመልስላችኋል። ሦስተኛውን ግን የቤቱን ሰዎች ቁጭ ብላችሁ ሳትጠይቁ ልታውቁት አትችሉም፤ እኔ እናቴን ሳልጠይቅ ቀርቼ ነበርና።