አሮጌውን ኮርኒስ ስለ ማፍረስና ከእርሱ ስለሚወርደው አቧራ

ሰው ቤቱን ለማደስ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው ግድግዳውንና ወለሉን ነው። ወደ ላይ ቀና የሚለው ግን ክረምት ገብቶ ኮርኒሱ ሲያንጠባጥብ፣ ወይም የአይጥ ሩጫ በሌሊት ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሰው ነው። በዚያን ጊዜ መሰላል ያቆማል፤ መዶሻውንም ያነሣል። በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ለማስረዳት የምንወደው፣ ኮርኒሱ በስፍራው ሳለ ያላደረሰውን ጉዳት ሲፈርስ ሊያደርስ እንደሚችል፣ ይህንንም በጥቂት ውኃና በጥቂት ትዕግሥት ለመከላከል መቻሉን ነው።

ኮርኒስ የሚለው ቃል ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጣ ነው። በዚያ ቃሉ ግድግዳና ጣሪያ በሚጋጠሙበት ጠርዝ ለጌጥ የሚደረገውን ክፈፍ ብቻ ሲያመለክት፣ በእኛ ዘንድ ከጣሪያው በታች የሚዘረጋው መሸፈኛ ሁሉ ኮርኒስ ይባላል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ እስከ ቀበናና የካ ድረስ የሰፈረው ሕዝብ ቤቱን በእንጨትና ጭድ በገባበት ጭቃ ሠራ፤ ጣሪያውንም በቆርቆሮ ከደነ፤ በውስጥም አቡጀዲ ወጥሮ ኖራ ቀባው። አቅም ያለው ደግሞ በጣውላ ወይም በጀሶ አስጊጦ አሠራ። ዛሬ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በራስ ካሳ ሰፈርና በአካባቢው ከቀሩት አሮጌ ቤቶች ውስጥ በእነዚህ ኮርኒሶች ላይ የብዙ ዘመን አቧራ ተከማችቶ ይገኛል።

ይህ አቧራ ተራ አፈር ብቻ አይደለም። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ስፍራ ጨለማና ጸጥታ ስላለው ለአይጥና ለሌሊት ወፍ የተመቸ ማደሪያ ነው። የአይጥ ሽንትና ዓይነ ምድር በሽታ አምጪ ተሐዋስያን ሊይዝ ይችላል፤ በሌሊት ወፍ ኩስ ውስጥም ሳንባን የሚያሳምም ሻጋታ ሊያድግ ይችላል። ከዚህም በላይ አይጥ ሲሞት በላዩ የነበረው ቁንጫ ሌላ ገላ ፍለጋ ይወጣል፤ በአይጥ ቁንጫ ከሚተላለፉት በሽታዎች አንዱ ታይፈስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለመምህራን ልናሳስብ የሚገባን የአሮጌ ዘይት ቀለም ነገር ነው። በቀድሞ ዘመን ብዙ ቀለም እርሳስ ከተባለው ማዕድን ጋር ይቀላቀል ነበር። (ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ በስም ይመሳሰል እንጂ ይህ ማዕድን የለበትም።) በ1921 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ ነጭ የእርሳስ ቀለም ለሕንፃ ውስጥ ቅብ እንዳይውል የሚል ስምምነት ቢያወጣም፣ እርሳስ ያለበት ቀለም ከዚያ በኋላም በብዙ አገሮች ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ቀለሙ ሲፋቅ የሚወጣው ዱቄት ወለል ላይ ይወርዳል፤ ሕፃኑም በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ያገባዋል። እርሳስ በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ መጠን አልታወቀለትም ይላል። ምልክቱ ቶሎ ስለማይታይ፣ ትምህርት የከበደው ሕፃን ሰነፍ ተብሎ ይገሠጽ ይሆናል እንጂ ምክንያቱ ከቤቱ አቧራ መሆኑን የሚጠረጥር አይገኝም። የሚታወቀውም በደም ምርመራ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ኮርኒሱ በእርግጥ መፍረስ አለበትን?» ተብሎ ነው። ያልላላና ያልረጠበ ጀሶ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፣ ስንጥቁ ተደፍኖ፣ እንደ ገና ቢቀባ ብዙ ዘመን ያገለግላል። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚጠገነው ቆርቆሮው ነው። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ እንደ ሆነ፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

መፍረሱ ግድ ከሆነ የሚከተለው ሥርዓት ይጠበቅ።

አንደኛ፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ሥራው አልቆ ክፍሉ እስኪጸዳ ድረስ ከቤቱ ይራቁ። የምግብ ዕቃ፣ ልብስና መኝታ ይውጣ፤ የማይወጣው በላስቲክ ይሸፈን።

ሁለተኛ፤ ውኃ ከመረጨቱ በፊት መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ። መስኮትና በር ተከፍቶ ክፍሉ ግማሽ ሰዓት ይናፈስ።

ሦስተኛ፤ ሠራተኛው ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ኤን 95 የተባለውን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ። በአፍ ላይ የሚታሰር ነጠላ ወይም መሐረብ ደቃቁን አቧራ አያግድም።

አራተኛ፤ ኮርኒሱ በውኃ እየራሰ በትንሽ በትንሹ ይነሣ። በደረቁ መምታት፣ በደረቁ መፈግፈግ፣ ቀለሙንም በእሳት ማቃጠል ፈጽሞ አይገባም። የአይጥ ዓይነ ምድር የሚታይበት ስፍራ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይረጭ፤ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ በጨርቅ ይጠረግ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር መቀላቀል መርዛም ጋዝ ያስነሣል።

አምስተኛ፤ ወለሉ በመጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ይወልወል። ፍርስራሹ በጆንያ ታስሮ ቆሻሻ ወደሚነሣበት ስፍራ ይሂድ እንጂ በቀበና ወንዝ ዳር አይጣል፤ ታች ያለው ጎረቤት ውኃውን ይነካዋልና። የሥራው ልብስም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብ።

ከዚህ ሥርዓት የሚለይ አንድ ነገር አለ። ኮርኒሱ ግራጫ መልክ ያለውና እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ሰሌዳ ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። የአስቤስቶስ ጭረት ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነቀርሳ ያመጣል። ይህን ዓይነት ሰሌዳ መስበር፣ መብሳትም ሆነ በመጋዝ መቁረጥ አይገባም፤ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ሳይነካ ይቆይ።

«እኛ ያለን አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ወዴት እንሄዳለን?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ለሥራው ቀን ልጆቹን ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ዘንድ ያሳድር፤ ሥራውንም እስከ ጽዳቱ በአንድ ቀን ይጨርስ። ይህ ካልተቻለ መፍረሱን ትቶ፣ የላላውን ብቻ አጥብቆ በላዩ አዲስ ቀለም መቀባቱ ይሻላል።

በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። መምህራን ክፍሎች በክረምት እንዲታደሱ ሲያስቡ ሥራው ተማሪ ከመግባቱ በፊት አልቆ፣ ክፍሉ ሁለት ሦስት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ እንዲቆይ ያድርጉ። የታደሰ ክፍል የሚያምረው በቀለሙ ብቻ ሳይሆን፣ በዴስኩ ላይ እጁን የሚያሳርፈው ሕፃን አቧራ የማያገኝበት ሲሆን ነው።