ለለቅሶ ያልወጣው መረብ

በዓለ ትንሣኤ በደረሰ ቁጥር የምእመናን ልቡና ወደ ባዶው መቃብር እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ከመቃብሩ አልፎ ወደ ጥብርያዶስ ባሕር የሚወርድ ግን ጥቂት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 21 እንደጻፈው፣ ጌታችን ከተነሣ በኋላ ጴጥሮስና ስድስት ባልንጀሮቹ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይዙ አደሩ። ሲነጋ በጌታ ቃል መረቡን ከታንኳይቱ በስተቀኝ ቢጥሉት 153 ታላላቅ ዓሦች ወጡ። ወንጌላዊው ቁጥሩን ብቻ ነግሮን አላለፈም፤ መረቡ ያን ሁሉ ሸክም ችሎ እንዳልተቀደደም ጨምሮ ጽፏል። ቀደም ሲል በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በተጻፈው ታሪክ መረቡ ወደ መቀደድ ደርሶ እንደነበረ እናስታውሳለን። ሊቃውንት ይህን ልዩነት በልዩ ልዩ መንገድ ያመሠጥሩታል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን የመረቡን ምሥጢር ሳይሆን መረቡን ራሱን ነው።

ያዕቆብና ዮሐንስ ሲጠሩ ከአባታቸው ከዘብዴዎስ ጋር መረባቸውን እያበጁ ነበር። ልጆቹ ታንኳውንም አባታቸውንም ትተው ጌታን ተከተሉ። ዘብዴዎስ ከዚያ ወዲያ በወንጌል ውስጥ ስሙ የሚነሣው ለልጆቹና ለልጆቹ እናት መጠሪያ ሆኖ ብቻ ነው። የጀመረውን መረብ ጠግኖ ይጨርስ አይጨርስ የነገረን የለም። የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሆነ አንባቢ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ እኛም ከእነዚያ ወገን ነን።

አባታችን የተወለዱትም ያረፉትም በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ ከጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። ዋና ሥራቸው እርሻ ነበር። ዓሣ ማጥመድን የያዙት መሬቱ ለልጆቻቸው ሁሉ እንደማይበቃ ካዩ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ገበሬ ታንኳ ላይ ሲወጣ ጎረቤት በደግ ዓይን አያየውም ነበር፤ የሐይቅ ሥራ የወይጦዎች ሥራ ነው ተብሎ ይናቅ ነበርና። ወይጦዎች ጉማሬ በማደንና የደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁ የጣና ነባር ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ዕውቀታቸው የሚገባውን ክብር ያላገኘ ሕዝብ ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። አባታችን ደንገል ማሰርን የተማሩት ከእነርሱ ነው።

የደንገል ታንኳ ጥቂት ወራት አገልግሎ ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ስለዚህ ለልጅ አይወረስም። የሚወረሰው መረቡ ነው። ጣና ላይ ቀድሞ ዓሣ የሚያዘው በመንጠቆ፣ በወጥመድና በትናንሽ መረቦች ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግን የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ሁለት የኔዘርላንድ ድርጅቶች ተባብረው የሐይቁን ዓሣ ሀብት የሚያለማ ፕሮግራም ጀመሩ፤ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብም እየተስፋፋ ሄደ። ቤተ ክርስቲያናችን መረብ በማዳረስ ሥራ ውስጥ እጇ እንዳለበት ብዙ ምእመን የሚያውቅ አይመስለንም። አባታችንም የናይሎን መረብ የገዙት ከዚያ በኋላ ነው።

ያ መረብ ዓይኑ ሰፊ ነበር፤ አራት ጣት ተደርድሮ ያለ ችግር ያልፍበታል። ቀረሶው ካልጎለመሰ አይያዝም ማለት ነው። ከእርሳቸው ኋላ የመጡት አጥማጆች ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ሲይዙ አባታችን አልለወጡም። ለምን ተብለው ሲጠየቁ «ትንሹ የሐይቁ ነው፤ ትልቁ ይበቃናል» ይሉ ነበር። አምባዛ በቤታችን ድስት ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው እንዳይበላ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተጻፈውን ሳያነቡ ከአባቶቻቸው ሰምተው ይጠብቁታልና።

በጾም ዓሣ ይበላል በሚሉና አይበላም በሚሉ ወገኖች መካከል ያለው ክርክር ዛሬ የምንገባበት አይደለም። አባታችን ግን አቋማቸውን በመረባቸው ያሳዩ ነበር። ነጋዴው ዓሣ አብዝቶ የሚፈልገው በዐቢይ ጾም ሆኖ ሳለ እርሳቸው ዘወረደ ሲገባ መረቡን ከሐይቅ አውጥተው፣ አድርቀው፣ ከቤቱ አግዳሚ ላይ ሰቅለው ሃምሳ አምስቱን ቀን ይጠግኑት ነበር። ወደ ውኃ የሚመለሰው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። እናታችን በዚህ ነገር ሳያጉረመርሙ ያለፉበት ዓመት መኖሩን እንጠራጠራለን፤ የልጆች ደብተርና ልብስ የሚገዛው ከዓሣው ነበርና።

በ2009 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት አረፉ። እንደሚታወቀው በዚያ ሳምንት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ይደረጋል። አባታችን በዚያ እሑድ ዘንባባቸውን በጣታቸው አስረው፣ ከሕዝቡ መካከል ቆመው ያን ጸሎት ሰምተዋል። ለእርሳቸውም የተደረገ እንደነበረ የታወቀው ሐሙስ ነው። እኛ ከአዲስ አበባ የደረስነው በቀዳም ሥዑር ስለነበረ ቀብሩን አላየንም።

ከበዓሉ በኋላ ማክሰኞ ለቅሶ ሲወጣ ግን ነበርን። በአካባቢያችን ልማድ የሟች ልብሱ፣ ጋሻና ጦሩ፣ ጠመንጃው በለቅሶተኛው ፊት ይወጣል፤ አስለቃሽም እያየችው ሙያውን ትዘረዝራለች። የአባታችንም ምንሽር ወጣ። ጠመንጃው ከአያታችን የተላለፈ ሲሆን አባታችን በዕድሜያቸው የተኮሱበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሁለት ድኩላ ጥለውበታል፤ ከእህል የሚገባ ጉማሬም አስደንግጠውበታል። አስለቃሿ ከእነዚያ ሁለት ድኩላዎች ተነሥታ አንበሳ ገዳይ አደረገቻቸው። አደን በአገራችን ክብር ያለው ሙያ ነውና አልተከፋንም፤ ይስሐቅም ልጁን ዔሳውን ሊመርቀው በፈለገ ጊዜ ማደኛህን ይዘህ ውጣ ብሎ እንዳዘዘው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 ተጽፏል። ነገር ግን ስድስት ልጆች ያሳደገው መረብ በዚያ ሰዓት ከአግዳሚው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ይውጣ ያለ ሰው አልነበረም። አጠገባችን የቆሙ አንዲት አሮጊት ብቻ ቀስ ብለው «እንጀራው እዚያ ነው የተሰቀለው» አሉን።

ንብረቱ ሲከፈል ምንሽሩ ለታላቅ ወንድማችን ሆነ። ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999፣ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ በመሆኑ ዛሬ ጠመንጃው ከግድግዳ የሚወርድበት ጉዳይ የለውም። መረቡንና በወተት ቆርቆሮ የተቀመጡትን መንጠቆዎች የፈለገ ስላልነበረ እኛ ይዘን መጣን።

ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የአዲስ አበባ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲዋቀር እኛ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። የጋራ መኖሪያ ቤት ከአራት ማዕዘን የመጣ ሰው የሚያድርበት ነው። ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤት በዚሁ አካባቢ ጤፍ ያርሱ የነበሩ የአባታቸውን ቀንበር በረንዳቸው ላይ አቁመዋል፤ እንግዳ ሁሉ ማገዶ ይመስለዋል። የእኛም መረብ ቁም ሣጥን ላይ በከረጢት ተቀምጦ ልጆቻችን መጋረጃ ነው ይሉት ነበር።

አንድ የፋሲካ ማግስት አውጥተን ዘረጋነው። ሳሎኑ አልበቃው ብሎ እስከ ኮሪደሩ ደረሰ። አንደኛው ጥግ ላይ፣ ክንድ ከስንዝር በሚሆን ስፍራ፣ ክሩ ነጭ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ነው፤ ናይሎን ሲያልቅባቸው ከማዳበሪያ ጆንያ ክር መዝዘው የቋጠሩት ነው። በዚያ በመጨረሻው ጾም የተጠገነው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ መረቡ ውኃ አልነካውም። ሣልስቱን፣ ሰባቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱንም በሥርዓቱ አስበናል፤ ስማቸውም በቅዳሴ ይነሣል። ሆኖም ልጆቻችን አያታቸውን ያወቁት ያን ቢጫ ቋጠሮ በጣታቸው ሲነኩ ነው።

ዘንድሮ የታላቅ ወንድማችን ልጅ ለበዓሉ ከደንቢያ መጥቶ መረቡን ጠየቀን። እርሱ ዓሣ አጥማጅ ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የሰሜኑን ዳርቻ ክፉኛ እንዳስቸገረ፣ ገበያ ላይ የሚገኘው ቀጭን መረብም በአንድ ወቅት ተበጣጥሶ እንደሚጣልና ጫጩቱን ዓሣ ሳይቀር እንደሚለቅም አጫወተን። ልጆቻችን አይሰጥም አሉ፤ ውኃ ከገባ የአያታችን ቋጠሮ ይፈታል ብለው ተሟገቱ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ እኛም ሁለት ቀን አሰብንበት።

ልጁ በሁለተኛው ቀን ማታ መረቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አራት ጣቱን በዓይኑ ውስጥ አሳለፈ። «አጎቴ፣ በዚህ የምይዘው ጓደኞቼ ከሚይዙት ግማሹን አይሞላም» አለን። እንደሚተወው ጠበቅን። እርሱ ግን ቢጫውን ጥግ አገላብጦ አየና፣ የላላች አንዲት ቋጠሮ አግኝቶ በጥርሱ አጠበቃት፤ ከዚያም ከረጢቱን ስጡኝ አለ።