ከዕርዱ እስከ ወጡ፦ ኮሸር ምን ይጠይቃል?

በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ፣ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ የሚወጣ ሰው ሥጋ ቤት አያጣም። በአንዱ በር ላይ መስቀል፣ በሌላው ላይ ጨረቃና ኮከብ ተስሏል። ምልክቱ ለደንበኛው የሚነግረው ከብቱን ማን፣ በማን ስም ባርኮ እንዳረደው ነው። ሥጋ ስለ ዋጋውና ስለ ስቡ ከመጠየቁ በፊት ስለ አራጁ በሚጠየቅበት አገር ላደገ ሰው፣ ኮሸር የሚባለው የአይሁድ የምግብ ሕግ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም።

በሱሉልታ ሜዳ የምትግጥ ላም የመጀመሪያውን ፈተና በቀላሉ ታልፋለች። ሰኮናዋ ስንጥቅ ነው፣ ታመሰኳለችም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ ይጠይቃል። ግመል ያመሰኳል፤ ሰኮናው ግን ሕጉ እንደሚፈልገው አልተሰነጠቀም። አሳማ ሰኮናው ቢሰነጠቅም አያመሰኳም። ዓሣ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት ሊኖረው ይገባል። ብሔራዊው የዓሣ ምርምር ማዕከል ያለው ሰበታ ነውና ለከተማዋ ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም፦ ቅርፊት የለበሰው ቆሮሶ ይበላል፣ ቆዳው ልሙጥ የሆነው አምባዛ ከዚያው ሐይቅ ቢወጣም አይበላም።

የኦርቶዶክስ ምእመን ይህን ዝርዝር ከልጅነቱ ያውቀዋል። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ኢትዮጵያውያንን የአይሁድን ሥርዓት ትከተላላችሁ ብለው ሲነቅፉ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ መልስ ሰጥተዋል፦ ከአሳማ ሥጋ መራቁ የኦሪት ግዴታ አይደለም፤ የሚበላው አይጠላም፣ የማይበላውም አይገደድም።

ለአይሁድ ግን ግዴታ ነው፤ የሕጉ ክብደትም የሚታወቀው እንስሳው ከተመረጠ በኋላ ነው። የሚያርደው ሾኸት የሚባል፣ ተምሮና ተፈትኖ የተፈቀደለት ሰው ነው። ከማረዱ በፊት ቢላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥፍሩ ይፈትሻል። ጥቂት እንኳ የተሸረፈ ስለት ዕርዱን ያበላሻል። ጉሮሮውንና የአየር ቧንቧውን ሳያቋርጥና ቢላውን ሳይጫን ይቆርጣል። ከዚያ ሳንባው ይመረመራል፤ ቀዳዳ ከተገኘበት በሕግ የታረደውም ከብት ቢሆን አይበላም። በሹልዳ ላይ ያለው ሥርና የተከለከለው ስብ ተለቅመው ይወጣሉ። ይህ ሥራ እጅግ አድካሚ ስለሆነ በብዙ አገር የኋላው ብልት አይሁድ ላልሆኑ ይሸጣል።

ቀጥሎ ደሙ ነው። ሥጋው ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ አንድ ሰዓት ያህል ጨው ተነስንሶበት ይቆያል፣ ከዚያ ደጋግሞ ይታጠባል። ደም የሚበዛበት ጉበት በእሳት ይጠበሳል። ዶሮን በጨውና በሎሚ አሥር ጊዜ የምታጥብ ባለሙያ ድካሙን ታውቀዋለች። እርሷ የምታጥበው ለጥራትና ለጠረን ቢሆንም፣ ሥጋ እንዲሁ ወደ ድስት አይገባም የሚለውን ጥንቃቄ ትጋራለች።

የእኛ ወጥ ከኮሸር ጋር የሚጋጨው ቅቤው ላይ ነው። ኦሪት ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀልን ሦስት ቦታ ይከለክላል። ራቢዎች የሚባሉት የአይሁድ መምህራን ይህን አስፍተው ሥጋና የወተት ውጤት በአንድ ማዕድ እንዳይገናኙ፣ ሰሐኑና ድስቱም እንዲለይ ደነገጉ። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ለመጠጣት በብዙ ማኅበረሰብ ዘንድ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል። ስለዚህ በቅቤ የተሠራ ዶሮ ወጥ፣ አይብ የቀረበለትም ክትፎ፣ ሥጋቸው በሚገባ ቢታረድ እንኳ ኮሸር አይሆኑም።

ይህ ድንጋጌ ጎንደር አልደረሰም ነበር። በወለቃ፣ በአምቦበርና በአካባቢው የኖሩት ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ በግእዝ የተጻፈ ኦሪት እንጂ የራቢዎቹ ሕግ የተጻፈበት ታልሙድ አልነበራቸውም። የጠቦቱን ትእዛዝ ቃል በቃል ተረዱት፤ ሥጋና ወተትን መለያየት እንደ ራቢዎቹ ሕግ አልነበረባቸውም። በሌላው ግን ጥብቅ ነበሩ። የእምነታቸው ሰው ያላረደውን ሥጋ አይበሉም። ጎረቤቶቻቸው የሚወዱትን ጥሬ ሥጋ አይነኩም። ከሌላ እምነት ሰው ማዕድ የቀመሰ ወደ መንደሩ ለመመለስ መጾም፣ ሽምብራ ብቻ መብላትና መታጠብ ነበረበት። በፋሲካም ከራቢዎቹ ይበልጥ ይጠነቀቁ ነበር። ራቢዎች እርሾን የሚከለክሉት በአምስት የእህል ዓይነቶች ላይ ሲሆን፣ ቤተ እስራኤል የቦካ ሁሉ ይቀርባቸዋል፤ እንጀራው ቀርቶ ቂጣ ይጋገራል።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ ሁለቱ አነባበቦች ፊት ለፊት ተገናኙ። በዚያ አገር ሥጋ ቤት ኮሸር ተብሎ የሚሸጠው በራቢዎች ሥርዓት የሠለጠነ ሾኸት ያረደው ነው። ለትውልድ የመንደሩን ሥጋ የባረኩ ቄሶች ቢላቸው ከሕዝባዊው ገበያ ወጣ። ያለ መጻሕፍተ ታልሙድ፣ በስደትና በንቀት መካከል ሕጉን ጠብቀው ላቆዩ አባቶች ይህ ከባድ ነገር ነው፤ የእነርሱም ጥንቃቄ ከታሪኩ መቅረት የለበትም። ልጆቻቸው ዛሬ በእስራኤል ዶሮ ወጡን በዘይት ያቁላላሉ፤ እንቁላሉም ሥጋም ወተትም ስላልሆነ፣ የደም ነጠብጣብ እንደሌለበት ታይቶ እንደ ድሮው ወጡ ውስጥ ይገባል።