ተጨማሪ መረጃ፦ ዓይናችሁ ሲያነብ ይዘላል

ሆሳዕና የምትማሩ አማርኛን በግዕዝ፣ ሀዲይኛን በላቲን ፊደል ታነባላችሁ፤ ዱራሜ ያላችሁም ከምባትኛን እንዲሁ። በሁለቱም ዓይናችሁ እንደ ውኃ አይፈስም፤ ዘሎ ያርፋል፣ ደግሞ ይዘላል። ዝላዩ ሳካድ ይባላል። አሜሪካዊው የኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ሊቅ ኪት ሬይነር አንባቢዎችን በመሣሪያ ተከታትሎ፣ አንዱ ዕረፍት ሩብ ሰከንድ ገደማ መሆኑን፣ እንግሊዝኛ አንባቢም በዚያች ቅጽበት ከግራ 3 ወይም 4፣ ከቀኝ እስከ 15 ፊደል እንደሚጠቀም አሳይቷል። ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበበው ዕብራይስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ዓይን ፊደሉን ማየቱ ብቻ ግን ሁልጊዜ አይበቃም። አሁን «ገና» የሚለውን አንብቡ። በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነው» ስንል ያለው? ግዕዙ ጥብቀት አያሳይም፤ የሀዲይኛው ላቲን ግን የሚጠብቀውን ፊደል ይደግመዋል።

አሁን ደግሞ ዝላዩን ለማየት፣ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት መካከሉ ላይ በእርሳስ ብሱት። ጓደኛችሁ ሲያነብ ከወረቀቱ ጀርባ ሆናችሁ ዓይኑን በቀዳዳው እዩ፤ በአንድ መስመር ስንት ጊዜ ዘለለ?