«ከፋላ» ዋስትና ነውን?
የአገሩን ቋንቋ ሳያውቁ በውጭ አገር ለሚሠሩ ሰዎች የሥራ ውል ስለ መተርጐም

መግቢያ

አንድ ሰው የአገሩን ቋንቋ ሳያውቅ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ሥራ ሊያገኝ ይችላልን? መልሱ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል። ለመምህር፣ ለጠበቃ ወይም ለጋዜጠኛ ቋንቋው ራሱ የሥራው መሣሪያ ስለ ሆነ ነገሩ አስቸጋሪ ነው። ለግንበኛ፣ ለእረኛ፣ በተለይም ለቤት ሠራተኛ ግን ይቻላል። ምክንያቱም ሥራውን ፈልጎ የሚያገኘው ሠራተኛው ሳይሆን በመካከል የቆመው ደላላ ወይም ኤጀንሲ ነው። ወደ ሊባኖስ፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ሌሎች የዐረብ አገሮች ለቤት ሥራ ከሄዱት ኢትዮጵያውያት መካከል ብዙዎቹ ከአገር የወጡት ዐረብኛ ሳያውቁ ነው።

እንግዲህ ሥራው ያለ ቋንቋ ይገኛል። ሥራው የሚመራበት ውል ግን ከቃላት የተሠራ ነው፤ ያለ ቋንቋ ሊረዱት አይቻልም። ዐረብኛ የማታውቅ ሠራተኛ ስለ ውሏ የምታውቀው ተርጓሚው በአማርኛ የነገራትን ብቻ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ከውሉ ቃላት ጥቂቶቹን መርጠን፣ በአማርኛ ሲተረጐሙ የትርጉም ለውጥ የሚደርስባቸው እንዴት እንደ ሆነ እናብራራለን፤ ቀጥሎም ለስያሜ ሥራ የሚረዳ ሐሳብ እናቀርባለን።

1. የቤቱ ቋንቋና የውሉ ቋንቋ

«ቋንቋውን እዚያው ትለምደዋለች» የሚለው አስተያየት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። አስተያየቱ በከፊል እውነት ነው። ሠራተኛዋ ከቤቱ ከገባችበት ቀን አንሥቶ ዐረብኛ መልመድ ትጀምራለች። ይሁን እንጂ የምትለምደው ምን ዓይነት ዐረብኛ እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ስማርት የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ባሕረ ሰላጤው ፒጂን ዐረብኛ ባቀረቡት የመጀመሪያ ዘገባ፣ በአካባቢው ሰዎችና በውጭ አገር ሠራተኞች መካከል ቃላቱ ጥቂት፣ እርባታውም እጅግ የተቃለለ ልሳን መኖሩን አመልክተዋል። በዚህ ልሳን «ፊ» (አለ) እና «ማፊ» (የለም) የሚሉት ቃላት የብዙ ግሦችን ሥራ ይሠራሉ። ፊዳ ቢዝሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ በሊባኖስ የሲሪላንካ ተወላጅ የሆኑ የቤት ሠራተኞችና እመቤቶቻቸው የሚግባቡበትን ልሳን «ፒጂን ማዳም» በሚል ስም መርምረውታል። ከጥናቱ ለእኛ ትኩረት የሚሰጠው ይህ ነው፤ በዚያ ልሳን ብዙዎቹ ግሦች የተወሰዱት ለአንዲት ሴት ከሚነገረው ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ሠራተኛዋ ቋንቋውን የሰማችው «ሩሒ»፣ «ጂቢ»፣ «ተዓሊ» እየተባለች ስለ ሆነ፣ ስለ ራሷ ስትናገርም በዚያው በትእዛዙ ቅርጽ ትናገራለች።

አማርኛ ተናጋሪ ለሆነች ሴት ይህ ቅርጽ አያስቸግራትም። «ሩሒ» እና «ጂቢ» በሚሉት ቃላት መጨረሻ የሚሰማው የሴቴ ምልክት «ኢ» በአማርኛም አለ፤ «ሂድ» የሚለውን «ሂጂ»፣ «አምጣ» የሚለውን «አምጪ» የሚያደርገው እርሱ ነው። በማድ ቤትም የሚያግዝ ዝምድና ይገኛል። በግእዝ ውሃ «ማይ»፣ ወተት «ሐሊብ» ነው፤ የዐረብኛው «ኹብዝ» (ዳቦ) ከግእዙ «ኅብስት» ጋር ይዛመዳል። በሌላ በኩል ዝምድናው የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። በግእዝ «ላሕም»፣ በአማርኛ «ላም» የምንለው ቃል በዐረብኛ «ለሕም» ሲሆን ትርጉሙ ሥጋ ነው፤ በዕብራይስጥ ደግሞ «ሌሔም» ዳቦ ማለት ነው። ስሕተቱ በማድ ቤት ቢደርስ በአንድ ምልክት ይታረማል።

በውሉ ቃላት ላይ የሚደርሰው ስሕተት ግን በምልክት የሚታረም አይደለም። በቤት ውስጥ «አምጪ» እና «ጥረጊ» በየቀኑ ይሰማሉ፤ «የሳምንት ዕረፍት»፣ «የውል ማቋረጥ»፣ «የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደስ» የሚሉት ግን ለሠራተኛዋ ጆሮ እምብዛም አይደርሱም። ስለዚህ የትእዛዙን ቋንቋ ቤቱ ያስተምራታል፤ የመብቱን ቋንቋ ግን ከመሄዷ በፊት በራሷ ቋንቋ ካላገኘችው በኋላ የምታገኝበት መንገድ ጠባብ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 በአንቀጽ 7 የሥራው ሁኔታ ተገቢ በሆነ፣ ሊረጋገጥ በሚችልና በቀላሉ በሚገባ መንገድ እንዲነገራቸው፣ በአንቀጽ 8 ደግሞ ከአገራቸው ድንበር ከመውጣታቸው በፊት በጽሑፍ የተደረገ የሥራ ጥያቄ ወይም ውል እንዲደርሳቸው የደነገገው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

2. «ከፋላ» እና «ዋስ»

በዐረብ አገሮች የውጭ አገር ሠራተኛ መግባትና መኖር በአንድ የአገሩ ሰው ወይም ድርጅት ስም የሚታሰርበት ሥርዓት «ከፋላ» ይባላል። ስሙ የታሰረበት ሰው «ከፊል» ነው። አማርኛ አንባቢ ይህን ቃል በፊደል ሲያየው ወዲያው የሚመጣለት የራሱ «ከፊል» ነው፤ ይኸውም «ከፈለ» ከሚለው ግሥ የወጣው፣ የአንድ ነገር ክፋይ የሆነው። የዐረብኛው ቃል በዚህ አገባቡ ስለ መክፈልም ሆነ ስለ ማካፈል አይናገርም።

በዐረብኛ የ«ከፋላ» ቀዳሚ ትርጉም ለሌላው ኀላፊ መሆን ነው። በዕዳ ጉዳይ ዋስትና ማለት ነው። በቤተ ሰብ ጉዳይ ደግሞ ወላጅ የሌለውን ልጅ ተቀብሎ ማሳደግን ያመለክታል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 ቃሉን የጠቀሰው በዚህ ትርጉሙ ነው። የሠራተኛ ከፋላ ሦስተኛውና አዲሱ አገባብ ነው። ተርጓሚው ይህን ሳይለይ መዝገበ ቃላት ቢገልጥ «ከፋላ፦ ዋስትና፤ ከፊል፦ ዋስ» የሚል ያገኛል፤ እንዳገኘውም በውሉ ላይ ይጽፈዋል።

ችግሩ የሚመነጨው «ዋስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ከያዘው ሥርዓት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ዋስ ማለት ባለዕዳው ግዴታውን ሳይፈጽም ቢቀር ግዴታውን ራሱ ሊፈጽም ለባለገንዘቡ የሚገባ ሰው ነው። እንግዲህ በዋስትና ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ባለገንዘብ፣ ባለዕዳና ዋስ። በከተሞቻችን የቤት ሠራተኛ ስትቀጠርም ሥርዓቱ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ አሠሪዋ «ዋስ አምጪ» ወይም «ተያዥ ጥሪ» ትላታለች። ዋሱ ከሠራተኛዋ ወገን የመጣ፣ የሚያውቃትና ስለ እርሷ የሚያዝ ሰው ነው። «ተያዥ» የሚለው ስያሜ ራሱ ይህን ይናገራል።

በሠራተኛ ከፋላ ግን አሠሪውና «ዋሱ» አንድ ሰው ናቸው። ኀላፊነቱም ለአገሩ መንግሥት እንጂ ለሠራተኛዋ የተገባ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዷ በእርሱ ስም ስለሚታሰር ከእርሱ መለየቷ ፈቃዷን ያናጋዋል። «አሠሪሽ ዋስሽ ነው» የተባለች ሴት ግን የሚቆምላት ሰው እንዳገኘች አድርጋ ትረዳለች። ከዚህ የተነሣ ትርጉሙ በቃል ደረጃ ትክክል ቢመስልም በውጤቱ ያልተገባላትን ተስፋ ሰጥቷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የቃሉ ይዘት ከአገር ወደ አገር፣ ከዓመት ወደ ዓመት ይለያያል። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ ሠራተኛው ሥራ ለመቀየር የቀድሞ አሠሪውን ፈቃድ ማግኘት አለበት የሚለውን ግዴታ አንሥታለች። በሊባኖስ በዚያው ዓመት የተዘጋጀው አዲስ የቤት ሠራተኞች ውል ግን በአገሪቱ የአስተዳደር ጉዳይ ፍርድ ቤት ታግዷል። ስለዚህ «ከፋላ» ሁሉን አገር በአንድ ፍች የሚያስረዳ ቃል አይደለም።

3. «ኢቃማ» እና «ሁሩብ»

«ኢቃማ» በአማርኛ ሥር ከሰደዱት አዳዲስ የዐረብኛ ቃላት አንዱ ነው። «ኢቃማ አላት»፣ «ኢቃማዋ ተቃጠለ» ሲባል እንሰማለን። የቃሉ ሥር ከግእዙና ከአማርኛው «ቆመ» ጋር አንድ ነው። ዝምድናው «ቋሚ ፈቃድ» የሚል ስሜት እንዳያሳድር መጠንቀቅ ይገባል፤ ነገሩ ጊዜ የተወሰነለት የመኖሪያ ፈቃድ ነውና። ለዚህ «የመኖሪያ ፈቃድ» የሚለው አማርኛ ሙሉ በሙሉ ይበቃል። ሆኖም ሠራተኛዋ እዚያ በሄደች ጊዜ የምትጠየቀው «ኢቃማ» ተብላ ስለ ሆነ ሁለቱም ጎን ለጎን ቢጻፉ ይጠቅማል።

«ሁሩብ» የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በቁሙ ሽሽት ማለት ሲሆን፣ በሳዑዲ ዓረቢያ በሚገኙ ሠራተኞች ዘንድ አሠሪው «ሠራተኛዬ ጠፍታለች» ብሎ ለመንግሥት የሚያቀርበው ማስታወቂያ በዚህ ስም ይታወቃል። ተርጓሚዎች «ኮበለለች» ብለው ሊተረጕሙት ይቃጣቸዋል። «መኮብለል» ከጌታው ስለ ሸሸ አሽከርና ከጦር ሰፈር ስለ ጠፋ ወታደር የሚነገር ቃል ነው፤ ጥፋተኝነቱን በውስጡ ይዟል። ደመወዝ ተከልክላ ወይም ተደብድባ የወጣችውም «ኮብላይ» ከተባለች፣ ቃሉ ነገሩ ሳይመረመር ፈርዶባታል። ማስታወቂያው የአንድ ወገን ቃል መሆኑን የሚገልጽ ስያሜ ያስፈልገዋል። «ከሥራ የመለየት ጥቆማ» ብንለው፣ «ጥቆማ» ገና ያልተረጋገጠ ነገር እንደ ሆነ አንባቢው ይረዳል።

ስለ ሠራተኛዋ መጠሪያም እንዲሁ ነው። ዐረብኛ «ኻዲማ» (አገልጋይ) እና «ዓሚላ መንዚሊያ» (የቤት ሠራተኛ) የሚሉ ሁለት ስያሜዎች አሉት። የመጀመሪያውን «ገረድ» ብሎ መተርጐም በቃል ደረጃ ሊደገፍ ይችላል፤ በውል ጽሑፍ ላይ ግን ቦታ የለውም። «የቤት ሠራተኛ» ከሚለው ስያሜ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ሰዓት፣ ደመወዝና ዕረፍት ያለው ሥራ መሆኑን ያሳስባል።

4. ቃሉ ሳይሆን አነጋገሩ ሲያሳስት

ትርጉም የሚሳሳተው በቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የቀኑ ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን «የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት አያልፍም» ብለን ብንተረጕመው አማርኛ አንባቢ ሥራው ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ማለትም በአገሩ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ላይ ያበቃል ብሎ ሊረዳ ይችላል። «ሰዓት» በአማርኛ የጊዜ መጠንንም የጊዜ ነጥብንም ይገልጻልና። የነጥቡ አቆጣጠር ደግሞ ከውጭው በ6 ሰዓት ይለያል። ግልጹ አነጋገር «በቀን ውስጥ የሚሠራው ሥራ ተደምሮ ከ10 ሰዓት አይበልጥም» የሚለው ነው። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚለውን ሐረግ መዝለልም መብቱን ካለው በላይ ማስፋት ይሆናል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሰዋስው የሚመጣ ነው። «ፓስፖርቷን አሠሪዋ ትይዛለች» በሚል ዓረፍተ ነገር «አሠሪዋ» የሠራተኛዋን አሠሪ ሊያመለክት ይችላል፤ ወይም የታወቀችዋን ሴት አሠሪ። «ፓስፖርቷን ትይዛለች» ብቻ ከተባለ ደግሞ ሁለቱም ሴቶች ስለ ሆኑ ያዡዋ ማን እንደ ሆነች ግሡ አይለይም። «መያዝ» ራሱም በእጅ ማኖርንም መቆጣጠርንም ይገልጻል። የስምምነት ቁጥር 189 አንቀጽ 9 ሠራተኞች የጉዞና የመታወቂያ ሰነዶቻቸውን በራሳቸው እጅ የማኖር መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን ስንተረጕም «ፓስፖርቱ በሠራተኛዋ በራሷ እጅ ይቀመጣል» ብለን ባለቤቱን በስም መጥራት ይገባናል። ስም መደጋገም በሥነ ጽሑፍ ቢሰለችም በውል ጽሑፍ ጠባቂ ነው።

5. የስያሜ ሐሳቦች

ሙያዊ ቃላት ሲሰየሙ ከአማርኛ፣ ከግእዝና ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መፈለግ፣ ከታጣ ደግሞ የውጩን ቃል መዋስ የተለመደ ሥርዓት ነው። በዚህ መስክ ግን ሥርዓቱን በሁለት ከፍሎ ማየት ይሻላል። መብትንና ግዴታን የሚገልጹ ቃላት ሁሉም በሚያውቀው አማርኛ ይሰየሙ። በአገራችን የሌለ የሌላ አገር ሕግ የፈጠረው ነገር ግን የራሱን ስም እንደ ያዘ ይጻፍና በአማርኛ ይፈታ፤ ቅርብ መስሎ የሚያሳስት ቃል ከመተካት የማይታወቅ ቃል መፍታት ጉዳቱ ያነሰ ነውና። በዚህ መሠረት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ከፋላ፦ የውጭ አገር ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪው ስም የሚታሰርበት ሥርዓት። «ዋስትና» አይባልም።

ከፊል፦ «ባለ ከፋላ አሠሪ»። ለብቻው «ከፊል» ተብሎ አይጻፍም።

ኢቃማ፦ የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ)።

ሁሩብ፦ ከሥራ የመለየት ጥቆማ (ሁሩብ)።

የሳምንት ዕረፍት፦ በየሳምንቱ ሳይቆራረጥ የሚሰጥ ቢያንስ የ24 ሰዓት ዕረፍት።

ማጠቃለያ

የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በወጣበት ጊዜ ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ይህ ለተርጓሚ ጥሩ መለኪያ ነው፤ የ8ኛ ክፍል ትምህርት ያላት አንባቢ ብቻዋን አንብባ ካልተረዳችው ትርጉሙ ሥራውን አልፈጸመም። ረቂቁን ለእንዲህ ያለች አንባቢ ሰጥቶ «ማን ምን ያደርጋል? እስከ መቼ? ባያደርግስ?» ብሎ መጠየቅና እንደ መልሷ ማረም ከማናቸውም መዝገበ ቃላት የተሻለ መፈተኛ ነው።

ከዚህ በላይ ያቀረብናቸው ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። በትርጉም ሥራ ላይ ያላችሁ አንባብያን በየውሉ ያጋጠሟችሁን ቃላት ከነአገባባቸው ብትልኩልን በሚቀጥሉት ዝርዝሮች ውስጥ እያስገባን እንመረምራቸዋለን።